ለቦርጭ ያልተፈጠረው አመጋገብ፦ የኪቶ መቶ ዓመት

"ኪቶ ጀምሬያለሁ" የሚል ሰው ዛሬ ብዙ ማብራሪያ አይጠየቅም። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ትቷል፤ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ቅቤና አቮካዶ ላይ ነው፤ ቦርጩን ሊያጠፋ ነው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከሁለት አንዱን ይመልስለታል፦ ወይ "ዝርዝሩን ለእኔም ላክልኝ"፣ ወይ "ኩላሊትህን ልትጨርስ ነው"።

ክርክሩ ሁሌም እዚያው ላይ ይሽከረከራል። ሁለቱም ወገኖች የማያነሱት ነገር ግን አለ። ይህ አመጋገብ ሲፈጠር ስለ ቦርጭ ያሰበ ሰው አልነበረም። የተፈጠረው በየቀኑ ደጋግመው እየወደቁ ለሚንፈራገጡ፣ በዘመኑ የነበረው መድኃኒት ላልያዘላቸው ሕፃናት ነው። የተዘጋጀው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በግራም እየተመዘነ፣ ሐኪም እየተከታተለው። "ጉዳት አለው ወይ?" ለሚለው ጥያቄ የተሻለው መልስ የሚገኘውም ከዚያው ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጾም ነው።

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ምግብ ሲከለከል ጥቃቱ እንደሚቀንስ ሰዎች ያስተዋሉት ከጥንት ጀምሮ ነው። በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ሳይቀር ይነሳል። በወንጌልም የሚጥለው ልጅ ታሪክ ከጸሎትና ከጾም ጋር ተያይዞ መተረኩን የአማርኛ አንባቢ ያውቀዋል። ወደ ዘመናዊው የሕክምና መጽሔት የገባው ግን በ1911 ነው። ጉልፓ እና ማሪ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ፈረንሳይ ውስጥ 20 ሕሙማንን እያስጾሙ ተከታትለው የጥቃቱ ብርታት መቀነሱን ጻፉ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች እጅ ላይ የነበረው መድኃኒት በዋናነት ብሮማይድ ነበር። ብሮማይድ መንፈራገጡን ያስታግሳል፤ ሰውየውንም አብሮ ያደነዝዘዋል። ፌኖባርቢታል በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1912፣ መጣ። እሱም ቢሆን የሁሉንም አልያዘም።

አሜሪካ ውስጥ ጾምን ያስፋፋው ሐኪም እንኳን አልነበረም። በርናር ማክፋደን ይባላል፤ ጡንቻውን እያሳየ ፎቶ የሚነሳ፣ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ መጽሔት የሚያሳትም፣ ለበሽታ ሁሉ ጾምን የሚያዝ ሰው ነበር። ዛሬ ቢኖር ኖሮ ቲክቶክ ላይ ሚሊዮን ተከታይ አያጣም። የእሱ ተከታይ የነበረው ሂዩ ኮንክሊን ሚሺጋን ውስጥ ባትል ክሪክ በምትባል ከተማ ሕሙማንን በውሃ ብቻ ከ18 እስከ 25 ቀን ያስጾም ጀመር። ኮንክሊን በሽታው የሚመጣው ከአንጀት ከሚመነጭ መርዝ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሐሳቡ ስህተት ነው። ውጤቱ ግን ዓይን የሚያስገርፍ አልነበረም፤ በተለይ ከሕፃናቱ ብዙዎቹ ጥቃቱ ይቆምላቸው ነበር።

ከታከሙት አንዱ ቻርልስ ሃውላንድ የተባለ የኒው ዮርክ ባለፀጋ የሕግ ሰው ልጅ ነበር። የቻርልስ ወንድም ደግሞ ጆን ሃውላንድ ነው፤ ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ የሕፃናት ሕክምና ፕሮፌሰር፣ በሙያው በአገሪቱ ካሉት አንደኞቹ የሚቆጠር። አባትየው በ1919 ለወንድሙ 5,000 ዶላር ሰጠው፤ ይህ ጾም ለምን እንደሚሠራ እንዲመረምርለት። በዚያን ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሆፕኪንስ በዚህ በሽታና በምግብ ጉዳይ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሳው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። በ1921 ደግሞ ራውል ጋይሊን የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሞ በጾም ያከማቸውን ሕሙማን ታሪክ አቀረበ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ለዓመታት መድኃኒት እየወሰደ ያልቆመለት ጥቃት ጾሙን በጀመረ በሁለተኛው ቀን ቆሞለት ነበር።

ችግሩ ግልጽ ነው። ልጅ ዕድሜውን ሙሉ አይጾምም። አንድ ቀን መብላቱ አይቀርም፤ ከብዙዎቹ ላይ ደግሞ ምግቡ ሲመለስ በሽታውም አብሮ ይመለሳል።

፠

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ፣ ከስኳር በሽታ ሐኪሞች ነው።

ረስል ዋይልደር በሚኒሶታ፣ በማዮ ክሊኒክ የሚሠራ የስኳር በሽታ ሐኪም ነበር። የዚያን ጊዜ የስኳር ሐኪም ስለ ኪቶን ሲያስብ የሚታየው ሞት ነው። ኢንሱሊን ገና አልተገኘም። ስኳር የያዘው ልጅ ትንፋሹ መሽተት ከጀመረ፣ ሽንቱ ውስጥ ኪቶን ከታየ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ቀናት ናቸው። የሐኪሞቹ ትልቁ ትግል ኪቶን እንዳይመጣ ማድረግ ነበር። በዚያው በ1921 ሮሊን ዉድያት የተባለ ባለሙያ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጤነኛ ሰውም ቢሆን ሲጾም፣ ወይም ስኳርና እህል ቀንሶ ስብ ሲያበዛ፣ እነዚሁ ኪቶኖች በደሙ ውስጥ ይታያሉ። ዋይልደር ሁለቱን አገናኛቸው። ጾሙ የሚጠቅመው በኪቶኑ ምክንያት ከሆነ፣ ልጁን ሳያስርቡ ኪቶኑን ብቻ ማምጣት ይቻላል ማለት ነው። ልጁ ይብላ፤ አካሉ ግን የጾመ ይምሰለው። ስሙንም ያወጣለት እሱ ነው፤ ኪቶጄኒክ፣ ማለትም ኪቶን አምጪ።

ሌላው ሰው በፍርሃት የሚሸሸውን ነገር ሆን ብሎ በልጅ ደም ውስጥ ማምጣት ድፍረት ይጠይቃል። ድፍረቱ ትክክል መሆኑ የሚገባን አካላችን ምን እንደሚያደርግ ስናይ ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ከምናቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶውን ይወስዳል። የለመደው ነዳጅ ግሉኮስ ነው፤ ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከስኳሩ የሚገኘው። አካላችን ከዚህ ነዳጅ የሚያስቀምጠው መጠባበቂያ ግን ጥቂት ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ግማሽ ኪሎ ቢሞላ ነው። ስብ ግን ቀጭን በሚባለው ሰው ላይ እንኳን በብዙ ኪሎ ይገኛል። ጣጣው አንጎል ስብን እንዳለ መጠቀም አይችልም። ስለዚህ እህል ሲጠፋና ኢንሱሊን ሲወርድ ጉበት ስቡን ሰባብሮ አንጎል ሊጠቀምበት ወደሚችለው ነዳጅ ይቀይረዋል። ኪቶን ማለት ይህ ነው። ከሦስቱ ዓይነቶች አንዱ አሴቶን ነው፤ የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት ያው አሴቶን። በትንፋሽ ስለሚወጣ ኪቶ የጀመረ ሰው አፉ የተለየ ጠረን ያመጣል።

ይህ ሁሉ በግምት ይነገር የነበረውን ጆርጅ ኬሂልና ባልደረቦቹ በ1967 ቦስተን ውስጥ ለኩት። ክብደታቸው እጅግ የበዛና ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት የጾሙ ሕሙማን ላይ፣ ወደ አንጎል የሚገባውን ደምና ከአንጎል የሚወጣውን ደም አነጻጸሩ። ከአንጎል ነዳጅ ሁለት ሦስተኛው ያህል ከኪቶን እየመጣ ነበር። አንጎል ያለ ስኳር አንድ ቀን አይውልም የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ አባባል በዚያ ጥናት ተቀየረ።

ታዲያ የስኳር በሽተኛውን የሚገድለው ኪቶን ጤነኛውን ለምን አይገድልም? ልዩነቱ በመጠኑና በበሩ ጠባቂ ላይ ነው። ጤነኛ ሰው ውስጥ ኪቶን ሲበዛ ጥቂት ኢንሱሊን ይወጣና ስቡ መሰባበሩን ይገታዋል። በአመጋገብ የሚመጣው ኪቶን አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል ነው፤ በጥብቅ በሚታከሙት ሕፃናት ላይ ከዚያ ከፍ ይላል። ኢንሱሊን በጭራሽ የሌለው ሰው ላይ ግን በሩን የሚዘጋ የለም። ኪቶኑ ከ10 አልፎ ከ20 በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ስኳሩም አብሮ ይተኮሳል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል። ሰውየው ወዲያው ካልታከመ ይሞታል። ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው አጥር የሚቆመው ኢንሱሊን እስካለ ድረስ ነው፤ ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፠

ሐሳቡን ወደ ወጥ ቤት ያወረደው የማዮ ክሊኒኩ የሕፃናት ሐኪም ማይኒ ፒተርማን ነው። ቀመሩ ከመቶ ዓመት በኋላም ብዙ አልተለወጠም፦ ለልጁ በየኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ፕሮቲን፣ በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ የቀረው ሁሉ ስብ። በ1925 ባወጣው ዘገባ ከ37 ሕሙማን 60 በመቶ ያህሉ ጥቃቱ ሙሉ በሙሉ እንደቆመላቸው ጻፈ። ዛሬ የጥናት ባለሙያ ሲያየው ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው ይለዋል፤ ልክ ነው። ለወላጆቹ ግን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

"የቀረው ሁሉ ስብ" የምትለዋ ሐረግ ቀላል ትመስላለች። ጥብቁ ኪቶ 4 ለ 1 ይባላል፤ ለእያንዳንዱ 1 ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በድምሩ 4 ግራም ስብ። ስብ በግራም 9 ካሎሪ፣ ሌሎቹ 4 ካሎሪ ስለሚሰጡ ከጠቅላላው ኃይል 90 በመቶው ከስብ ይመጣል ማለት ነው። ማለትም ልጁ የሚበላው ወፍራም ክሬም፣ ቅቤ፣ ማዮኔዝ፣ ከዚያም ትንሽ ሥጋና ጥቂት ቅጠል ነው። የተሰጠውን ሁሉ ጨርሶ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ቅቤ ጠርጎ መብላት አለበት። የልደት ኬክ የለም፣ ከረሜላ የለም። ስኳር ያለው የሳል ሽሮፕ እንኳን ሒሳቡን ያፋልሰዋል። እናት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ሚዛን ላይ ቆማ ግራም ትቆጥራለች። አንድ ሙሉ እንጀራ የዚህን ልጅ የብዙ ቀን ድርሻ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል።

እዚህ ላይ "ኪቶ ፕሮቲን ያበዛል፣ ስለዚህ ኩላሊት ይጎዳል" የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያው ኪቶ ፕሮቲንን አብዝቶ አያውቅም፤ ለልጁ እድገት የሚበቃውን ብቻ መትሮ ይሰጣል። ፕሮቲን ሲበዛ ከፊሉ ወደ ግሉኮስ ይቀየርና ኪቶኑን ይቀንሰዋልና። ጥብስ በጥብስ ላይ መደራረብ በኋላ የመጣ ፋሽን ነው።

ከዚያም 1938 መጣ። ሂውስተን ሜሪት እና ትሬሲ ፑትናም ፌኒቶይን ጥቃትን እንደሚያስቆም አሳዩ። ክኒን ነው፤ አይመዘንም፣ አይበሰልም፣ ልጅ አያለቅስበትም። ሐኪሞች ፊታቸውን ወደ መድኃኒት ፍለጋ ማዞራቸው የሚያስወቅስ አይደለም፤ መድኃኒቶቹ የብዙ ሚሊዮን ሰው ሕይወት ለውጠዋል። የሚያስወቅሰው ቀጥሎ የሆነው ነው። አመጋገቡ ለመድኃኒቱ እምቢ ላሉት ልጆች በተጠባባቂነት መቀመጥ ሲገባው ተረሳ። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ዛሬም ቢሆን መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አይዝላቸውም። አዲስ የሚወጡት የነርቭ ሐኪሞች ኪቶን በታሪክ ምዕራፍ ውስጥ በአንድ መስመር እያነበቡ ያልፉ ጀመር። ማዘጋጀት የሚያውቁት የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ። በ1971 ፒተር ሁተንሎከር ልዩ ዘይት ተጠቅሞ ትንሽ እህል የሚፈቅድ ዓይነት ቢያመጣም ነገሩን ከመረሳት አላዳነውም።

ሙሉ በሙሉ ካልሞተባቸው ቦታዎች አንዱ ያው ሆፕኪንስ ነበር። እዚያ ሚሊሰንት ኬሊ የምትባል የሥነ ምግብ ባለሙያ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ስትመዝን፣ ስታሰላ፣ እናቶችን ስታስተምር ኖራለች። ከጎኗ ጆን ፍሪማን የተባለ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም አለ። የታሪኩ ጀግና ይኑር ከተባለ፣ ስሟ ከሐኪሞቹ ስም በታች በትንሹ የሚጻፈው ኬሊ ናት። ሌላው ዓለም ጥሎት ሲሄድ እሷ በየዓመቱ ለጥቂት ልጆች መመዘኗን አላቆመችም።

በ1993 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቻርሊ የሚባል የአንድ ዓመት ሕፃን መውደቅ ጀመረ። አባቱ ጂም አብራሃምስ ነው፤ "ኤርፕሌን!" የተባለውን አስቂኝ ፊልም ከሠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ። መድኃኒት በመድኃኒት ላይ ተጨመረ፤ አልሠራም። የአንጎል ቀዶ ጥገና ተደረገ፤ አልሠራም። ልጁ በሺህ የሚቆጠር ጥቃት አሳለፈ። አባትየው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ራሱ ማንበብ ጀመረና ስለዚህ አመጋገብ ያገኘው እዚያ ነው፤ ከሐኪሞቹ የነገረው አልነበረም። ልጁን ይዞ ባልቲሞር፣ ፍሪማንና ኬሊ ዘንድ ሄደ። አመጋገቡ በተጀመረ በቀናት ውስጥ ጥቃቱ ቆመ፤ መድኃኒቶቹም በኋላ ተነሱለት።

አብራሃምስ ፊልም ሠሪ ነውና ቁጣውን ወደሚያውቀው ሥራ ወሰደው። በ1994 በልጁ ስም ድርጅት አቋቋመ፤ የቴሌቪዥን ዝግጅት ተሠራ፤ በ1997 ደግሞ ሜሪል ስትሪፕ የእናትን ሚና የተጫወተችበት "ፈርስት ዱ ኖ ሃርም" የተሰኘውን ፊልም ሠራ። ሚሊሰንት ኬሊ በፊልሙ ላይ ራሷን ሆና ትታያለች። ከዚያ በኋላ ወላጆች በየአገሩ ሐኪሞቻቸውን ይጠይቁ ጀመር። ሳይንሱ ለ50 ዓመት የተኛውን እንቅልፍ የቀሰቀሰው የአንድ አባት ንዴት መሆኑ ለሙያው የሚያኮራ ታሪክ አይደለም።

ጥያቄው ሲበዛ ጥናትም መጣ። ወሳኙ በ2008 የታተመው የለንደኑ ነው። ቢያንስ ሁለት መድኃኒት ተሞክሮ ያልያዘላቸው 145 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ወዲያው ኪቶ ጀመሩ፣ ግማሾቹ ለሦስት ወር ባሉበት ሕክምና ቆዩ። ከኪቶዎቹ 38 በመቶው ጥቃታቸው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከሌሎቹ እንዲህ ያለ ለውጥ ያዩት 6 በመቶ ብቻ ናቸው። ተአምር አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት ልጆች ያን ያህል አልተጠቀሙም። ሁለት መድኃኒት እምቢ ያለው በሽታ ላይ ግን ሦስተኛ መድኃኒት ቢጨመር እንዲህ ያለ ውጤት የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው። በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ሳይንስ እስከ ዛሬ አንድ መልስ የለውም። ኪቶኑ ራሱ የነርቭን መቀስቀስ ያበርደዋል የሚሉ አሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያ መለወጥ ነው የሚሉም አሉ። ኮንክሊን በተሳሳተ መንገድ አንጀት ላይ ቢያተኩርም ሙሉ በሙሉ ባዶ እጁን ላይሆን ይችላል።

፠

እስካሁን ስለ ክብደት አንድ ቃል አልተነሳም። ምክንያቱም ያኛው ሌላ ወንዝ ነው፤ ከዚህኛው ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው።

የዚያኛው ምንጭ ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ነው። ጫማውን ማሰር እስኪያቅተው ወፍሮ ሳለ ሐኪሙ ዳቦ፣ ስኳርና ድንች አስተወው፤ ቀጠነ፤ በ1863 ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ሮበርት አትኪንስ የተባለ የኒው ዮርክ የልብ ሐኪም ያንኑ ሐሳብ በሚሊዮን የተሸጠ መጽሐፍ አደረገው። አንባቢዎቹ ሽንታቸውን በወረቀት እየነከሩ ኪቶን እንዲፈልጉ ያበረታታ ነበር። የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ1973 ክፉኛ ተቸው። ከሆስፒታሉ "ኪቶ" የሚለው ስም፣ ከአትኪንስ ደግሞ ጥብሱ ተወስዶ የዛሬው የክብደት መቀነሻ ተሠራ። ሚዛኑ፣ የደም ምርመራውና የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ግን እዚያው ሆስፒታል ቀሩ።

ክብደት ይቀንሳል ወይ? ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ያታልላል። ያ ግማሽ ኪሎ ግላይኮጅን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ሲያልቅ ውሃውም በሽንት ይሄዳል፤ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ወረደ ብሎ ይጨፈራል፤ ስቡ ገና አልተነካም። ከዚያ በኋላ የሚሄደው ኪሎ እውነተኛ ነው። ብዙ ሰው ኪቶ ላይ ሲሆን ረሃቡ ስለሚቀንስ ሳያስበው ያንሳል የሚበላው። ዓመት ሲሞላ ግን ልዩነቱ ይጠባል። በ2018 የታተመው የስታንፎርድ ጥናት 609 ሰዎችን በዕጣ ስብ ለሚቀንሱና ካርቦሃይድሬት ለሚቀንሱ ከፍሎ ለ12 ወር ተከታተለ። የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ሁለተኞቹ 6 ኪሎ ቀነሱ። ልዩነት አለ ለማለት የሚያበቃ አይደለም። ጥናቱ ጥብቅ ኪቶ አልነበረም፤ ሆኖም ካርቦሃይድሬት መተው ምትሃት አለው ለሚለው ሰው ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ። ከሕፃናቱ ሕክምና የተገኘው እውቀት እዚህ ላይ ወርቅ ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ በዓይን ሥር የዋለ ምግብ ብዙ የለምና። ልጆቹ ላይ የሆድ ድርቀትና ማስመለስ የተለመደ ነው። የደም ስብ ይጨምራል፤ ቁመት ይዘገያል፤ ዓመታት ሲቆይ አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ፍራፍሬና እህል ስለሌለ ቪታሚንና ማዕድን በክኒን ካልተተካ ይጎድላል፤ ሴሊኒየም ጎድሎ የልብ ጡንቻ የተጎዳባቸው ልጆች ተመዝግበዋል። ኩላሊትን በሚመለከት ትክክለኛው ስጋት ጠጠር ነው። ሆፕኪንስ ከ100 ልጆች ወደ 7 በሚሆኑት ላይ ጠጠር ያይ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፖታሲየም ሲትሬት መስጠት ሲጀምር ቁጥሩ ወደ 1 ገደማ ወረደ። ይኼ ምሳሌ ጉዳዩን ሁሉ ያሳያል፦ አደጋው እውነት ነው፤ የሚከታተል ሰው ካለ ደግሞ አብዛኛው ይከለከላል።

ጭራሽ መጀመር የሌለባቸውም አሉ። አንዳንድ ሕፃናት ስብን ማቃጠል የማይችሉበት የተፈጥሮ ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ ለእነሱ ይህ ምግብ ገዳይ ነው። ሆስፒታል ከመጀመሩ በፊት ደም የሚመረምረው በዋናነት ለዚህ ነው። ፖርፊሪያ ያለበትም እንዲሁ።

አዋቂዎች ዘንድ ያ የኢንሱሊን በር ይመለሳል። ዓይነት 1 ስኳር ያለበት ሰው በራሱ ፈቃድ ኪቶ ቢጀምርና ኢንሱሊኑን ቢቀንስ ዋይልደር የሚፈራው ያ ሞት ደጁ ላይ ነው። ዓይነት 2 ያለበት ሰው ስኳሩ በእርግጥ ሊወርድለት ይችላል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰደ መጠኑን ሳያስተካክል ከጀመረ ግን ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ያሉትን አዳዲስ መድኃኒቶች የሚወስድ ደግሞ የስኳር መለኪያው ደህና እያሳየ ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላል፤ አታላዩ ይኼኛው ነው። የምታጠባ እናትም አካሏ ለወተት ስኳር ይፈልጋልና በዚህ አመጋገብ ላይ ሳለች ሆስፒታል የገባችባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተጽፈዋል።

ስኳርም፣ እርግዝናም፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግርም የሌለበት ጎልማሳስ? ለጥቂት ወራት ቢሞክረው አብዛኛው ሰው ከራስ ምታት፣ ከድካምና ከሆድ ድርቀት አያልፍም። የሚያሳስበው ኮሌስትሮሉ ነው። መጥፎ የሚባለው ዓይነት አንዳንዱ ሰው ላይ በጣም ይተኮሳል፤ አንዳንዱ ላይ ንቅንቅ አይልም፤ ሳይመረመሩ የትኛው እንደሆኑ ማወቅ አይቻልም። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ኪቶ ላይ አሥር ዓመት አቆይቶ ልባቸውን ያየ ጥናት የለም። "ዕድሜ ልክ ኪቶ" እያለ የሚሰብክ ሰው ማስረጃ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው የቆመው።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር መጨመር ይገባል። "እኛማ ድሮም እንጾማለን፣ ኪቶ ላይ ነን" የሚል ቀልድ አለ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ደሙ ውስጥ ጥቂት ኪቶን መታየቱ አይቀርም። የጾሙ መፍቻ ግን እንጀራ በሽሮ፣ በምስር፣ በድንች ነው፤ ኪቶኑ በመጀመሪያው ጉርሻ ይጠፋል። ኪቶ የፍስክ ምግብ ነው፤ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ሲወጡበት የሚቀረው ዘይት፣ አቮካዶና ጎመን ነው።

ከቀልዱ በላይ የሚያሳስበው የሚጥል በሽታ ጉዳይ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ አጥንተው በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይተዋል፤ አብዛኞቹም ዘመናዊ መድኃኒት ያላገኙ ነበሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመምተኛ ቀዳሚው ነገር ርካሹ ፌኖባርቢታል ሳይቋረጥ እንዲደርሰው ነው። ቪዲዮ አይቶ የልጁን መድኃኒት በድንገት አቁሞ ቅቤ የሚያበላ ወላጅ ልጁን መቆሚያ ለሌለው ጥቃት ያጋልጠዋል። ሆፕኪንስም ሆነ ለንደን መድኃኒቱን ያነሱት አመጋገቡ መሥራቱ ከታየ በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ ሐኪሙ ባለበት ነው።

በ2009 ወጥቶ በ2018 የታደሰው የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች መመሪያም ይህንኑ ይላል፦ ሁለት መድኃኒት ካልሠራ አመጋገቡ ይታሰብ፤ ከመጀመሩ በፊት ደም ይመርመር፤ ለሦስት ወር ያህል ይሞከርና ካልጠቀመ ይቁም። ከጠቀመ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላ ማላቀቅ ይጀመራል። 4 ለ 1 የነበረው ወደ 3 ለ 1፣ ከዚያ ወደ 2 ለ 1 እየወረደ፣ በወራት ውስጥ ልጁ ወደ ቤተሰቡ ገበታ ይመለሳል። ብዙዎቹ ከተላቀቁም በኋላ ጥቃቱ አይመለስባቸውም። ቻርሊ አብራሃምስ አመጋገቡ ላይ የቆየው አምስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ እኩዮቹ ዳቦም ኬክም እየበላ አደገ።